ነጭ ጋዋን የለበሰ መርዶ ነጋሪ

ሐኪም ቤት መሄድ ደስ የሚለው ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ፣ የመድኃኒቱ ሽታ፣ አግዳሚው ላይ ተጣቦ ስም እስኪጠራ መጠበቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “ውጤቱ ምን ይል ይሆን?” የሚለው ጭንቀት ማንንም አያስናፍቅም። ታዲያ ቀኑን ሙሉ “ከሕመም ይሰውረን” ሲል የዋለ ሰው፣ ማታ እራቱን በልቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ በገዛ ፈቃዱ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ዱሮ በቪዲዮ ካሴት፣ ኋላ በዲሽ፣ አሁን ደግሞ በስልኩ። ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ታሪክ ምን ያደርግለታል?

ሐኪሞቹ መልከ መልካሞች ስለሆኑ ነው ይላል አንዱ። ሲስተሯና ዶክተሩ ይጋቡ ይሆን ወይ የሚለው ልብ ስለሚሰቅል ነው ይላል ሌላው። ሁለቱም አልዋሹም። ግን መልክና ፍቅር በሌላውም ድራማ ሞልቷል። እኔ ብዙ ዘመኔን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ ብዬ ወደ ኋላ መሄድ ይቀናኛል። የሕክምና ድራማን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሐኪሙ በየዘመኑ ከከፍታው እየወረደ መጥቷል። መጀመሪያ የማይሳሳት ነበር፤ ቀጥሎ የሚደክመው ሰው ሆነ፤ ከዚያ የሚሳሳት ሆነ። በወረደ ቁጥር ወደ እኛ ቀረበ። የምለው ይኸንኑ ነው፤ እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዶክተር ኪልዴር የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የፈጠረው፣ ማክስ ብራንድ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ፋውስት ነው። የሰውየው ዋና እንጀራ የካውቦይ ልብ ወለድ ነበር። ከ1938 ጀምሮ ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የፊልም ኩባንያ ኪልዴርን በተከታታይ ፊልሞች አቀረበው፤ ከ1961 እስከ 1966 ደግሞ ሪቻርድ ቻምበርሊን እየተወነበት የቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። አወቃቀሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ዶክተር ጊሌስፒ የሚባል ቁጡ፣ አዋቂ፣ ሽማግሌ መምህር አለ። ኪልዴር ደግሞ ልቡ ቅን፣ እጁ ገና ያልጠና ደቀ መዝሙር ነው። የቅኔ ቤት የኔታና ተማሪ በሏቸው። ይህን መምህርና ደቀ መዝሙር ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባቸዋለን።

በዚያው በ1961 “ቤን ኬሲ” የሚባል ሌላ ተከታታይ ድራማ ተጀመረ። በየሳምንቱ ሲከፈት አንድ እጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አምስት ምልክቶች ይጽፋል፤ የወንድ፣ የሴት፣ የልደት፣ የሞት እና የዘላለም። ከዚያ ወዲያ ምንም ማብራሪያ የለም፤ ታሪኩ ይጀምራል። ይህ ዓይነቱ ድራማ ስለ ምን እንደሚያወራ ከዚያ በኋላ በመጣው ስድሳ ዓመት ውስጥ ከዚህ አሳጥሮ የተናገረ አላየሁም። በሽታ የሚባል ነገር እንኳ ከአምስቱ ውስጥ የለበትም።

የ“ቤን ኬሲ” ፈጣሪ ጄምስ ሞዘር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1954 “ሜዲክ” የሚባል ድራማ ሠርቶ ነበር። እውነተኛ ሆስፒታል ውስጥ እየቀረጸ፣ ጽሑፉን የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች ማኅበር እያየለት ነው የሠራው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አንዲት ነፍሰ ጡር ነው። የደም ካንሰር ይዟታል፤ ሐኪሙ ልጇ እስኪወለድ ድረስ በሕይወት ሊያቆያት ይታገላል። ሐኪሙ ያጠፋው ጥፋት የለም። ጠላት በሽታው ብቻ ነው። በኋላ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም የቴሌቪዥንና የፊልም ጽሑፎችን የሚመለከት ኮሚቴ ነበረው። ሐኪሙ መኪናው ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል፣ በሽተኛ አልጋ ላይ ይቀመጥ ወይስ ይቁም የሚለው ሁሉ የሚታይበት ዘመን ነበር። እንዲህ ተጠብቆ ያደገ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይሳሳታል?

ግን ነገሩን ፕሮፓጋንዳ ነው ብሎ መዝጋትም ትክክል አይደለም። ፔኒሲሊን በየሆስፒታሉ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። በሚያዝያ 1955 የጆናስ ሶልክ የፖሊዮ ክትባት መሥራቱ ሲነገር አሜሪካ ውስጥ ደወል ተደውሏል። ልጇ ትናንት በሳንባ ምች ይሞትባት የነበረች እናት ዛሬ መርፌ አስወግታ ይዛው ወደ ቤቷ ስትገባ ሐኪሙን ብታመልከው ማን ይፈርድባታል? ድራማው የዘመኑን ተስፋ ነው የመሰለው። ተስፋው ግን ልክ አልነበረውም። ከ1969 እስከ 1976 በታየው “ማርከስ ዌልቢ” ላይ ሐኪም ሆኖ ይሠራ ለነበረው ለሮበርት ያንግ፣ ሕመማቸውን ዘርዝረው ምክር የሚጠይቁ ሰዎች ደብዳቤ በብዛት ይጽፉለት ነበር። ሰውየው ተዋናይ ነው፤ ሕክምና አልተማረም። ተመልካቹ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። የፈለገው የሚሰማው ሰው ነበር።

ሐኪሙን ከከፍታው መጀመሪያ ያወረደው ጦርነት ነው። “ማሽ” ከ1972 እስከ 1983 የታየ፣ በኮሪያ ጦርነት ግንባር አቅራቢያ ስላለ የአሜሪካኖች የመስክ ሆስፒታል የሚተርክ አስቂኝ ድራማ ነው። ጦርነቱ ሦስት ዓመት ፈጀ፤ ድራማው አሥራ አንድ። የካቲት 28 ቀን 1983 የመጨረሻውን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ብቻ 106 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ያ ጦርነት ለእኛም ባዕድ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1951 ኮሪያ ገብተው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ድራማው ላይ በሄሊኮፕተር ቃሬዛ የሚወርዱትን ቁስለኞች ሳይ፣ ከእነዚያ መሐል “እናቴን” ብሎ በአማርኛ የተጣራ ይኖራል ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ቴሌቪዥን አስቂኝ ነገር ሲያሳይ ከበስተጀርባ የተቀዳ ሳቅ ያስገባ ነበር። የ“ማሽ” አዘጋጆች ታዲያ አንድ ነገር ላይ አልበገርም አሉ። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ሳቅ አይገባም! ሐኪሞቹ ይቀልዳሉ፤ ክንዳቸው ድረስ ደም ነክረው ይቀልዳሉ፤ ግን አብሮ የሚስቅላቸው የለም። ቀልዱ ተመልካቹን ለማሳቅ እንዳልሆነ፣ እነሱ እንዳያብዱ የያዙት ምርኩዝ እንደሆነ የሚገባን በዚያ ዝምታ ነው።

መጋቢት 18 ቀን 1975 የቀረበው ክፍል ርእሱ “አቢሲኒያ፣ ሄንሪ” ይላል። ስለ እኛ ምንም አያወራም። የአገራችን የዱሮ ስም በእንግሊዝኛ ፈጠን ተደርጎ ሲጠራ “እንገናኛለን” ከሚለው አነጋገራቸው ጋር ስለሚመሳሰል፣ በ1930ዎቹ አሜሪካኖች ለመሰነባበቻ ቀልድ አድርገውት ነበር። ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ የሆስፒታሉ አዛዥ ነው፤ የአገልግሎት ጊዜውን ጨርሶ ወደ ሚስትና ልጆቹ ይሸኛል። መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ራዳር ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ አንድ ወረቀት ያነባል። የሄንሪ አውሮፕላን ጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ ወድቋል፤ የተረፈ ሰው የለም። አብዛኞቹ ተዋንያን ይህ እንደሚመጣ የተነገራቸው ትዕይንቱ ሊቀረጽ ጥቂት ሲቀረው ነው። ማንም አያለቅስም፤ ማንም አይጮኽም። አንድ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ወለል ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ እጆቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በሽተኛው ተከፍቷልና።

ይህን ስመለከት ትዝ የሚለኝ መርዶ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ማለዳ ይነገራል፤ ሽማግሌ፣ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይነገራል። ሰው ብቻውን ሳለ፣ መንገድ ላይ ሳለ አይረዳም። ራሱን ቢስት የሚደግፈው፣ ቢወድቅ የሚያነሣው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ያበጁት የሞት ወሬ ራሱ ሰው ሊገድል እንደሚችል ስለሚያውቁ ነው። ዘመናዊው ሆስፒታል ይህን ሁሉ አፍርሶ መርዶውን ለአንድ ሰው አሸከመው። ኮሪደር ላይ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ጋዋኑ ላይ ደም እያለ፣ ለማያውቀው ቤተሰብ እንዲናገር የተፈረደበት ለዚያ ሐኪም ነው። የእነዚህ ድራማዎች ትልቁ ትዕይንት ሁልጊዜም ቢሆን ቀዶ ጥገናው አይደለም፤ ሐኪሙ የቀዶ ጥገናውን በር ገፍቶ ወጥቶ፣ ከወንበራቸው ብድግ ያሉትን ሰዎች የሚያይባት ቅጽበት ናት። ቤተሰቡ ገና ቃል ሳይወጣው ከፊቱ ያነብበዋል።

ከ“ማሽ” በኋላ መንገዱ ተከፈተ። ከ1982 እስከ 1988 የታየው “ሴንት ኤልስዌር” ቦስተን ውስጥ ባለ ያረጀ፣ የድኻ ሆስፒታል ነው የሚተርከው፤ ዴንዘል ዋሽንግተን በወጣትነቱ ሐኪም ሆኖ የተወነው እዚያ ላይ ነው። በ1983 መጨረሻ፣ ገና ኤድስ የሚለው ስም ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ይኸው ድራማ በሽታውንና የያዘውን ሰው መሸሽን አነሣ። እኛ አገር ለቅሶ ቤት የሟቹ በሽታ በሹክሹክታ ብቻ ይነገር የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ያ ጉዳይ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ያውቀዋል።

ሐኪሙ ሙሉ በሙሉ ሰው የሆነው ግን በ“ኢ.አር.” ይመስለኛል። ማይክል ክራይተን የሕክምና ተማሪ በነበረ ጊዜ ያየውን ይዞ በ1974 ጽፎት፣ ሃያ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስከረም 1994 ለእይታ በቃ። እስከ ሚያዝያ 2009 ድረስ 331 ክፍል ተሠራለት። ከሁሉም አንዱን ልንገራችሁ። መጋቢት 9 ቀን 1995 የቀረበው ክፍል ርእሱ “ሎቭስ ሌበር ሎስት” ነው። ከሼክስፒር ኮሜዲ የተወሰደ ነው፤ ግን መራራ ጨዋታ አለበት። በእንግሊዝኛ “ሌበር” ማለት ድካምም ነው፣ ምጥም ነው። የፍቅር ድካም ከንቱ ቀረ፤ የፍቅር ምጥ ከንቱ ቀረ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት የደረሰች ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ትመጣለች፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል ትላለች። ዶክተር ማርክ ግሪን ጎበዝ ነው፤ ደግ ነው፤ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ነው። የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት አዝዞ ይሸኛታል። ነገሩ ግን ከእርግዝና ጋር የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት ነበር። ከግቢው ሳይርቁ ያንቀጠቅጣትና ተመልሳ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አንድ በአንድ የሚዘጉ በሮች ነው። የማህፀን ሐኪሙ አልደረሰም፤ ሕፃኑ ትከሻው ተይዟል፤ ደሙ አልቆመም። ግሪን ራሱ ሆዷን ቀድዶ ሕፃኑን ያወጣዋል። ሕፃኑ ተረፈ፤ እናቲቱ ሞተች። ሐኪሙ አራሱን ልጅ ታቅፎ ወደ ተቀመጠው ባል ሄዶ ይነግረዋል። ከዚያ ብቻውን ባቡር ላይ ተሳፍሮ ያለቅሳል። ይህን ክፍል የጻፈው ላንስ ጀንታይል ራሱ ሐኪም ነው፤ የኤሚ ሽልማት አግኝቶበታል።

እንግዲህ ይህን ከ1954ቱ “ሜዲክ” ጎን አስቀምጡት። ያኔም ነፍሰ ጡር፣ አሁንም ነፍሰ ጡር፤ ያኔም የሁለት ነፍስ ትግል፣ አሁንም እንደዚያው። በመሐከላቸው አርባ ዓመት አለ። በመጀመሪያው ጠላት በሽታው ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው የአንድ ጥሩ ሰው ስሕተት ገባበት። የሕክምና ድራማ ታሪክ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ርቀት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የእኛ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አራስ ስንጠይቅ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ነው የምንለው። ምርቃቱ ራሱ ሞት ደጃፉ ድረስ መጥቶ እንደተመለሰ ያምናል።

ሥነ ጽሑፍ ይህን ከቴሌቪዥን በፊት ያውቀው ነበር። ቶልስቶይ በ1886 ባሳተመው “የኢቫን ኢሊች ሞት” ውስጥ፣ ዳኛው ኢቫን ኢሊች ሲታመም ሐኪሞቹ ነገሩ ኩላሊት ነው ወይስ ትርፍ አንጀት እያሉ ይከራከራሉ። እሱ ማወቅ የሚፈልገው እሞታለሁ ወይስ አልሞትም የሚለውን ብቻ ነው። ዳኛ ሳለ ተከሳሾቹን ያይ በነበረበት ዓይን ነው አሁን ሐኪሙ እሱን የሚያየው። ቤተሰቡም “ትድናለህ” እያለ ይዋሸዋል። የማይዋሸው አንድ ሰው ገራሲም የሚባለው ገበሬ አሽከር ነው፤ ሕመሙን እንዲያቀልለት እግሩን ትከሻው ላይ ተሸክሞለት ያድራል። በእኛ ቋንቋ ገራሲም አስታማሚ ነው። ተማሪዎቼን “በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሙ ማነው?” ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የሐኪሞቹን ስም ይፈልጉ ነበር፤ ቆይተው ግን ክፍሉ ዝም ይላል።

ከ2004 እስከ 2012 የታየው “ሃውስ” ደግሞ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘው። ሃውስ የሼርሎክ ሆምስ ዘር ነው፤ የሆምስ ደራሲ ኮናን ዶይልም ሐኪም ነበር፤ መርማሪውንም የቀረጸው በኤዲንብራ ያስተማረውን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን አይቶ ነው። የሃውስ እምነት በሽተኛ ሁሉ ይዋሻል የሚል ነው። ምን እንደጠጣ፣ ከማን ጋር እንደተኛ፣ ምን እንደሚፈራ ይደብቃል። መዳን የሚጀምረው እውነቱ ሲወጣ ነው። የእኛ ቋንቋ ይህን በአንዲት ቃል ይዞታል፤ ኑዛዜ። ኃጢአት ለነፍስ አባት መናገርም ኑዛዜ ነው፤ ከሞት በፊት የመጨረሻ ፈቃድን ማስቀመጥም ኑዛዜ ነው። የሕመም አልጋ ሁለቱም የሚደረጉበት ቦታ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ድራማዎቹ አይዋሹም ማለቴ አይደለም። በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። አጥኚዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታዩ ሦስት ፕሮግራሞች 97 ክፍል አይተው፣ ደረት እየተጫኑ የቆመ ልብ ለማስነሣት 60 ጊዜ ሲሞከር ቆጠሩ። ከታካሚዎቹ 75 በመቶው ወዲያው ነቁ፤ 67 በመቶው ከሆስፒታል በሕይወት የወጡ ይመስላሉ። በእውነተኛው ሆስፒታል የሚተርፈው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህ ቀላል ውሸት አይደለም። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ቆሞ “ሁሉም ይደረግ” ሲል፣ ዓይኑ ላይ ያለው በቴሌቪዥን ሲነቃ ያየው ሰው ነው። አልነቃም ሲባል ደግሞ ገደሉት ይላል። ሐኪሙን አምላክ ያደረገ ሰው ማግስቱን ነፍሰ ገዳይ ለማድረግ ብዙ አይርቀውም።

ለዚህ ነው በጥር 2025 የጀመረው “ዘ ፒት” ደስ ያሰኘኝ። የመጀመሪያው ወቅት በፒትስበርግ ድንገተኛ ክፍል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ 15 ክፍል፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት። ዋናውን ሐኪም ዶክተር ሮቢን ሆኖ የሚጫወተው ኖኣ ዋይሊ ነው። በ1994 በ“ኢ.አር.” መጀመሪያ ቀኑ የተደናገጠውን ተማሪ፣ ካርተርን፣ የተጫወተው ይኸው ሰው ነበር። ደቀ መዝሙሩ ጢሙ ሸብቶ መምህር ሆነ። የእሱ መምህር ግን በኮቪድ ጊዜ በእጁ ላይ ሞቶበታል፤ ያንን ቀን አልተሻገረውም። ኪልዴርና ጊሌስፒ ከስንት ዘመን በኋላ እዚህ ደረሱ።

እዚያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከመጦሪያ ተቋም ይመጣሉ። ትንፋሻቸው ሲያቅት በመሣሪያ እንዳይቀጠል አስቀድመው ፈርመዋል፤ ኑዛዜያቸው ግልጽ ነው። ልጆቻቸው ግን አይችሉም። ሳሉ ከሳቸው ፈቃድ ውጭ ቱቦ ያስገቡላቸዋል፤ ኋላ ግን ልባቸው እያወቀው ይሸነፋሉ። ያኔ ዶክተር ሮቢ መድኃኒት የለውም። ከመምህሩ የተማረውን የሃዋይ ሰዎች ልማድ ነው የሚነግራቸው። በመሞት ላይ ላለ ሰው አራት ነገር ይባላል፤ እንደምትወዱት፣ እንደምታመሰግኑት፣ ይቅር እንዳላችሁት፣ ይቅር እንዲላችሁም። ወንድምና እኅት አልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ እየተንተባተቡ፣ የልጅነት ቂማቸውን ሳይቀር እያወጡ ለአባታቸው ይነግሯቸዋል።

እኛ እነዚህን አራት ነገሮች እናውቃቸዋለን። ችግሩ የምንላቸው ለቅሶ ላይ መሆኑ ነው። ታማሚው በሕይወት ሳለ “አይንገሩት፣ ይደነግጣል” ብለን ሐኪሙን እንለምናለን፤ እሱም ቤተሰቡ እንዳይደነግጥ ያወቀውን እንዳላወቀ ሆኖ ይተኛል። አልጋው አጠገብ የምናወራው ስለ ኑሮ ውድነት ነው። አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ግን ደረት እየመታን፣ ስሙን እየጠራን፣ ምን ያህል እንደምንወደውና እንዴት እንዳስቀየምነው በአደባባይ እንናገራለን። አልቃሿም ያንኑ በግጥም ታወርደዋለች። የሚሰማው ሰው ብቻ የለም።

ጤነኛ ሰው ማታ ማታ የበሽተኛ ታሪክ የሚያየው ለምንድነው ላላችሁኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። ሁላችንም አንድ ቀን ከዚያ አልጋ ላይ ወይም ከአጠገቡ እንገኛለን፤ ምን እንደሚባል የተለማመደ ግን ጥቂት ነው። እስከዚያው የሌላ ሰው ልጆች በሌላ ቋንቋ ሲሉት እየሰማን፣ ሶፋችን ላይ ሆነን እንባችንን እንጠርጋለን።